እናትና አባትን በጉብኝት ቪዛ አሜሪካ ማቆየት፦ ከኤርፖርት እስከ ማራዘሚያ

እናት ወይም አባት በቢ-2 የጉብኝት ቪዛ አሜሪካ ገብተው ሻንጣው እንኳ ሳይፈታ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ስንት ጊዜ መቀመጥ ይችላሉ?» ብዙ ሰው መልሱን የሚፈልገው ፓስፖርቱ ላይ ከተለጠፈው ቪዛ ነው። መልሱ ግን እዚያ የለም።

በዚህ የተነሳ ቤተሰብ በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንዱ ሕጉ ስድስት ወር ሰጥቷቸው ሳለ «ቪዛው አለቀ» ብሎ በሦስተኛው ወር እናቱን በችኮላ ያሳፍራል። ሌላው ደግሞ ቪዛው ገና ጊዜ አለው ብሎ ቁጭ ሲል የመቆያው ቀን ያልፋል፣ እናትየዋም ሳያውቁት ሕግ ጥሰው ይገኛሉ። ሁለተኛው ይብሳል። የብዙ ዓመት መዘዝ አለው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እንለየው። ቪዛው የሚያገለግለው አሜሪካ በር ድረስ ለመድረስ ነው። ላዩ ላይ ያለው ቀን «እስከዚህ ቀን ድረስ መጥተህ መግባትን ጠይቅ» ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ከገቡ በኋላ የሚገዛው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው፣ እሱን የሚሰጠው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲ ሳይሆን ኤርፖርት ላይ ያለው የሲቢፒ (የአሜሪካ ጉምሩክና ድንበር ጥበቃ) መኮንን ነው።

ይህ ልዩነት አሁን የበለጠ አስፈላጊ ሆኗል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግልና አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ሆኗል። ሦስት ወር የሚለውን ያየ ሁሉ «ሦስት ወር ብቻ ነው የተፈቀደላቸው» ይላል። አይደለም። በሦስቱ ወር ውስጥ መግባት አለባቸው ማለት ነው። ቪዛው ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ቢገቡ እንኳ መኮንኑ ስድስት ወር ሊሰጣቸው ይችላል።

ከመነሳታቸው በፊት

መጀመሪያ ፓስፖርቱን እዩ። ረጅም ጊዜ እንዲቆዩ ካሰባችሁና ፓስፖርታቸው ሊያልቅ ከተቃረበ፣ ቪዛ ከመጠየቃቸው በፊት አዲስ ፓስፖርት አገር ቤት ሆነው ያውጡ። መኮንኑ የመቆያ ቀኑን ፓስፖርቱ በሚያልቅበት ቀን ሊቆርጠው ይችላል። ስድስት ወር ጠብቃችሁ ሁለት ወር ሊሰጣችሁ ይችላል ማለት ነው። አሜሪካ ከገቡ በኋላ በዋሽንግተኑ ኤምባሲ በኩል ማሳደስ ይቻላል፣ ግን ማራዘሚያ እየጠየቁ ፓስፖርት መጠበቅ አላስፈላጊ ጭንቀት ነው።

ሁለተኛው ውክልና ነው። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ጡረታ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ቤት የሚያከራዩ ከሆነ፣ ባንክ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ለሚያምኑት ሰው ውክልና ይስጡ። ውክልናው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ እዚህ ሆነው ስለ ቤታቸው እያሰቡ አይጨነቁም። ሁለተኛ ደግሞ በኋላ ማራዘሚያ ስትጠይቁ «አገሬ የሚጠብቀኝ ቤትና ገቢ አለኝ» ለማለት ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ስለዚህ የውክልናውን፣ የቤት ካርታውንና የጡረታ ደብተሩን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

መድኃኒት ካለ ከነማሸጊያው፣ የሐኪም ማዘዣው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ በእጅ ሻንጣ ይሁን። በፌስታል የተቋጠረ ኪኒን ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ወደ 90 ቀን የሚሆን ይያዙ፣ ለቀረው ጊዜ እዚህ ሐኪም እንዲያያቸው ከአሁኑ አስቡበት።

የጤና ኢንሹራንስ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ በቸልታ አትለፉት። ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ ለጎብኚ አይሰጥም። የእናንተ የሥራ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ ወላጅን አይሸፍንም። ለጎብኚ ተብሎ የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ፣ ከመምጣታቸው በፊት ግዙት። ስትገዙ አንድ ነገር አንብቡ፦ ከዚህ በፊት የነበረ በሽታን ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? ብዙዎቹ አይሸፍኑም ወይም በጣም በጠባቡ ነው የሚሸፍኑት፣ የወላጆቻችን ችግር ደግሞ በአብዛኛው ስኳርና ደም ግፊት ነው። ሆስፒታል ድንገተኛ በሽተኛን ገንዘብ የለውም ብሎ እንዳይመልስ ከ1986 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል፣ ሆኖም አክሞ ከሸኘ በኋላ ሂሳቡን ይልካል።

ሻንጣው ውስጥ ቋንጣ አይግባ። ሥጋ ነክ ነገር ይወሰዳል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ ሲይዙ ምግብ መያዛቸውን ይናገሩ፣ የሚያስቀጣው መያዙ ሳይሆን መደበቁ ነው። ጫት ግን በምንም መንገድ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፣ «ጎረቤት አድርሱልኝ ብላ ሰጥታኝ ነው» የሚለውን ማንም አይሰማም። ሰው የላከውን ዕቃ ከፍተው ሳያዩ እንዳይይዙ ንገሯቸው።

ኤርፖርት ላይ

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ወይም ሌላ ኤርፖርት ሲደርሱ በጉዞው ደክሟቸዋል። ትኬት ስትቆርጡ ዊልቸር እዘዙላቸው። መራመድ የሚችሉ ቢሆኑም እዘዙ፣ ምክንያቱም የሚገፋው ሠራተኛ ሰልፉንም መንገዱንም ያውቀዋል፣ እናት ብቻቸውን ሆነው ምልክት እያነበቡ አይንከራተቱም።

መኮንኑ የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው። ለምን መጡ? ማን ጋር ያርፋሉ? ስንት ጊዜ ይቆያሉ? እንግሊዝኛ ካልቻሉ «አማርኛ» ብለው አስተርጓሚ ይጠይቁ፣ በስልክ ያገናኟቸዋል። ያልገባቸውን ጥያቄ «የስ፣ የስ» ብለው እንዳያልፉ አደራ በሏቸው። መልሱ አጭርና እውነት ይሁን፦

«ለምን መጡ?»
«ልጄ ወልዳለች፣ አራስ ልጠይቅ።»
«ስንት ጊዜ ይቆያሉ?»
«እስከ ሰኔ። ክረምቱ ሲገባ ቤቴ እመለሳለሁ።»

በቃ። ይህ መልስ ቪዛ ሲጠይቁ ኤምባሲ ከተናገሩትና ዲኤስ-160 ፎርሙ ላይ ከተሞላው ጋር መግጠም አለበት። ኤምባሲ ሁለት ሳምንት ብለው ኤርፖርት ስድስት ወር ካሉ፣ መኮንኑ ኮምፒውተሩ ላይ የመጀመሪያውን መልስ እያየ ነው።

አራስ መጠየቅና ሞግዚት መሆን ይለያያሉ። እናት መጥተው ገንፎ ማገንፋት፣ የልጅ ልጃቸውን ማቀፍ፣ ከልጃቸው ጋር መጫወት የቤተሰብ ጉብኝት ነው። «ልጄ ሥራ ስትሄድ ሕፃኑን ልጠብቅላት ነው የመጣሁት፣ ሞግዚት ውድ ነው» ካሉ ግን መኮንኑ የሚሰማው ሥራ የሚለውን ነው። እንዲዋሹ አይደለም የምላችሁ። እውነተኛ ዓላማቸው ጉብኝት እንዲሆን፣ እናንተም የሕፃን ጥበቃ ዕቅዳችሁን በእናታችሁ ትከሻ ላይ ሳትጥሉ አስቀድማችሁ እንድታስቡበት ነው።

የአይ-94ን ቀን ማየት

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ነው። ቤት በደረሱ ማግሥት አድርጉት።

የሲቢፒን የአይ-94 ድረ ገጽ ክፈቱ። አድራሻው በዶት ጎቭ የሚያልቀው ብቻ ነው ትክክለኛው። እንደ መንግሥት ገጽ ተመስለው ገንዘብ የሚጠይቁ አሉ፣ መዝገቡን ማየት ግን ነፃ ነው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥርና ዜግነት ያስገባሉ። «አልተገኘም» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ችግሩ ስም ነው። የኛ ስም ከአያት ጋር ሦስት ነው፣ ፎርሙ ላይ ያለው ሳጥን ግን ሁለት። ፓስፖርቱ ፎቶው ያለበት ገጽ ግርጌ ላይ ምልክት የበዛባቸው ሁለት መስመሮች አሉ። ስሙን እዚያ በተከፈለው መንገድ አስገቡት። የትውልድ ቀኑም ፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው እንጂ እናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያስታውሱት አይደለም።

ሲከፈት 11 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ፣ የገቡበት ቀን፣ «ቢ-2» የሚል መደብና ከሁሉም በላይ እስከ መቼ እንደተፈቀደላቸው የሚናገር ቀን ታያላችሁ። ሕጉ ለቢ-2 ጎብኚ በተለምዶ ስድስት ወር ይሰጣል፣ መኮንኑ በቂ ምክንያት ካለው ግን ሊያሳጥረው ይችላል። ለምሳሌ ጃንዋሪ 10 ቀን 2026 የገቡ እናት አብዛኛውን ጊዜ እስከ ጁላይ 9 ቀን 2026 ይሰጣቸዋል።

ፓስፖርቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቀን ካለ አነባበቡን ልብ በሉ። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ። 07/09/2026 ጁላይ 9 ነው። ሴፕቴምበር 7 ብሎ ያነበበ ሰው ሁለት ወር ያሳልፋል። ለእናት ደግሞ በራሳቸው አቆጣጠር፣ ሐምሌ 2 ቀን 2018 ብላችሁ ጽፋችሁ ስጧቸው። ቀኑን እሳቸው ራሳቸውም ማወቅ አለባቸው፣ ልጅ ብቻ የያዘው ቀን በሥራ ብዛት ይረሳል።

ገጹን አትሙት። አንዱ ኮፒ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ሌላው ሲወጡ ቦርሳቸው ውስጥ ይሁን። ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ የውጭ ዜጋ የምዝገባ ማስረጃውን እንዲይዝ ሕጉ ያዛል፣ ለጎብኚ ያ ማስረጃ አይ-94 ነው። ይህ ሕግ የቆየ ቢሆንም ከ2025 ወዲህ ጠበቅ ተደርጎ እየተሠራበት ነው።

ስህተት ካገኛችሁ፣ ማለትም ስም ከተዛባ ወይም በቢ-2 ፋንታ ሌላ መደብ ከተጻፈ፣ ማራዘሚያ እስክትጠይቁ አትጠብቁ። ትልልቅ ኤርፖርቶች ውስጥ የሲቢፒ የማረሚያ ቢሮ አለ። ፓስፖርቱንና የታተመውን ገጽ ይዛችሁ እናትንም ይዛችሁ ሂዱ። የመኮንኑን ስህተት በነፃ ያርማሉ። ቀኑ ያጠረው መኮንኑ አስቦበት ከሆነ ግን ያ ስህተት ስላልሆነ አይታረምም፣ ያለው መንገድ ማራዘሚያ ብቻ ነው።

ተቀምጠው ሳሉ

ሥራ አይቻልም። ለሰው ቤት ጽዳት፣ ለሬስቶራንት እንጀራ መጋገር፣ በእጅ የሚከፈልም ቢሆን፣ ሁሉም ሥራ ነው። ማራዘሚያ ሲጠየቅም በምን እየኖሩ እንደሆነና ሠርተው እንደሆነ ይጠየቃሉ። ትንሽ ገቢ ለማግኘት ተብሎ የቪዛ ታሪክን ማበላሸት አይገባም።

ብዙ ወላጅ ሁለት ከተማ ልጆች አሉት። ከሜሪላንድ ተነስተው ሲያትል ያለችው ልጅ ጋር ሊከርሙ ይሄዳሉ። መሄዱ ችግር የለውም። ግን አድራሻ ሲቀይሩ በ10 ቀን ውስጥ ኤአር-11 በሚባለው ፎርም የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን ለሚያየው መሥሪያ ቤት፣ ለዩኤስሲአይኤስ፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው። በኢንተርኔት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም።

ቶሮንቶ ዘመድ ካለ ደግሞ «ድንበር ተሻግረን ሰላም ብለናቸው እንምጣ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ለያዘ ሰው ይህ አደገኛ ነው። ቪዛው አንዴ ገብተውበት ተጠቅመውበታል። ካናዳን ወይም ሜክሲኮን ከ30 ቀን ላልበለጠ ጊዜ አይቶ፣ ጊዜው ባላለፈ አይ-94 መመለስን የሚፈቅድ ጠባብ ደንብ አለ፣ ነገር ግን የራሱ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፣ ካናዳም የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች። ጠበቃ ሳታማክሩ እናትን ድንበር ላይ ይዛችሁ አትቁሙ። ዘመዶቹ እነሱ ይምጡ።

ማራዘም

ስድስት ወሩ ካልበቃና እውነተኛ ምክንያት ካለ አይ-539 በሚባለው ፎርም ተጨማሪ ጊዜ ይጠየቃል። በአንድ ጊዜ እስከ ስድስት ወር መጠየቅ ይቻላል። ፎርሙ የአይ-94 ቀን ከማለፉ በፊት ዩኤስሲአይኤስ እጅ መግባት አለበት፣ በፖስታ የምትልኩ ከሆነ የሚቆጠረው የላካችሁበት ሳይሆን የደረሰበት ቀን ነው። መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚመክረው ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ ማስገባትን ነው። ባለፈው ምሳሌያችን፣ ቀናቸው ጁላይ 9 የሆነ እናት በሜይ 25 ገደማ አስገብተው መጨረስ አለባቸው። በገቡ በወሩ ማስገባት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያስነሳል። «እስከ ሰኔ ብለው ገብተው በወሩ ሐሳባቸው ለምን ተለወጠ?» ይባላል።

በኢንተርኔት ብታስገቡ ይሻላል። ክፍያው በኢንተርኔት 420፣ በወረቀት 470 ዶላር ነው። ለኢንተርኔቱ በእናት ስም አካውንት ይከፈታል። ኢሜይል ከሌላቸው አንድ ክፈቱላቸው፣ የእናንተን አትጠቀሙ። በወረቀት ከሆነ ከኦክቶበር 2025 መጨረሻ ጀምሮ ቼክም መኒ ኦርደርም መቀበል አቁመዋል፣ በካርድ ወይም በቀጥታ ከባንክ ሂሳብ የሚያስከፍል ፎርም አብሮ ይያያዛል። እናትና አባት አብረው ካሉ አንዱ ዋና አመልካች ሆኖ ሌላው በአይ-539ኤ ሊካተት ይችላል።

ፎርሙን እናንተ ብትሞሉትም የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ከመፈረማቸው በፊት ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ በአማርኛ አንብቡላቸው። እውነት ነው ብለው የሚምሉት እሳቸው ስለሆኑ ምን እንደፈረሙ ማወቅ መብታቸው ነው።

ጉዳዩን የሚወስነው ግን ከፎርሙ ይልቅ አብሮት የሚያያዘው ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ፣ በእንግሊዝኛ፣ በእናት ስም የተጻፈ። አራት ነገር ይመልስ፦ ለምን ተጨማሪ ጊዜ እንደፈለጉ፣ ለምን ቆይታው አሁንም ጊዜያዊ እንደሆነ፣ በምን ገንዘብ እንደሚኖሩ፣ መቼና እንዴት እንደሚመለሱ። «ልጆቼን ስለናፈቅኩ» የሚለው ከልብ ቢሆንም ብቻውን ደካማ ነው። ቀን ያለው ምክንያት ያስፈልጋል። ልጅቷ በኦፕሬሽን ወልዳ ሐኪሟ ዕረፍት አዝዞላት ከሆነ፣ የሐኪሙ ደብዳቤ ይያያዝ። የታላቅ ልጅ ሠርግ ኦክቶበር ላይ ከሆነ የአዳራሹ ውል ወይም የጥሪ ካርዱ ይያያዝ። የራሳቸው የዓይን ሕክምና ተጀምሮ ከሆነ የቀጠሮው ወረቀት። የሚጠየቀው ጊዜም ከምክንያቱ ጋር ይመጣጠን፤ ሠርጉ ኦክቶበር ላይ ሆኖ እስከ ጃንዋሪ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም። ኤርፖርት ላይ እስከ ሰኔ ብለው ከነበረም ደብዳቤው ምን እንደተለወጠ በግልጽ ይናገር።

ለገንዘቡ የእናንተ ባንክ ስቴትመንት፣ የደሞዝ ወረቀትና አይ-134 የሚባለው የድጋፍ መግለጫ ፎርም ይያያዛል። ለመመለሳቸው የመመለሻ ትኬት፣ የቤት ካርታ፣ የጡረታ ደብተር፣ አገር ቤት የቀሩ ልጆች ወይም ባለቤት ካሉ የእነሱ ማስረጃ። በአማርኛ ያለው ሁሉ ተተርጉሞ ይግባ። ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ ትክክለኛ እንደሆነ አረጋግጦ ይፈርምበታል። ውድ ቢሮ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ ብቃት ያለው ማንኛውም ሰው ይችላል።

«ፎርም እሞላለሁ» የሚሉ ሰዎች በማኅበረሰባችን አሉ። ጎበዞችም አሉባቸው። ግን ጠበቃ ያልሆነ ወይም በመንግሥት ዕውቅና ያልተሰጠው ሰው የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም፣ ሲሳሳትም ዋጋ የሚከፍሉት እናታችሁ ናቸው። ታይፕ የሚያደርግ ሰውና የሚያማክር ሰው ለዩ።

መልስ እስኪመጣ

እንዳስገባችሁ ደረሰኝ ይመጣል። ሦስት ፊደልና 10 አኃዝ ያለው የመዝገብ ቁጥር አለበት፣ ጉዳዩ የት እንደደረሰ በእሱ ይታያል። አሻራ እንዲሰጡ ከተጠሩ ቀጠሮው አይለፍ።

መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም የአይ-94 ቀን ያልፋል። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል። በሰዓቱ የገባ፣ መሠረት ያለው ጥያቄ እስካለና ሥራ እስካልሠሩ ድረስ መልሱን እየጠበቁ መቆየት ይችላሉ፣ በእነዚያ ቀናትም የሕገ ወጥ ቆይታ አይቆጠርባቸውም። ይህ ከለላ ግን ገደብ አለው። የጠየቃችሁት ቀንም መልስ ሳይመጣ እየደረሰ ከሆነ፣ ወይ ይመለሱ ወይ ከዚያ ቀን በፊት ሁለተኛ ማራዘሚያ ይግባ። እኔ ብሆን እንዲመለሱ ነው የምመክረው። ዓመት የሞላው ጉብኝት ለቀጣዩ ቪዛ ቃለ መጠይቅ ከባድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

ከተፈቀደ አዲስ አይ-94 ከማጽደቂያው ወረቀት ጋር ይመጣል፣ አዲሱ ቀን እሱ ነው። ከተከለከለና የድሮው ቀን ካለፈ፣ ሕገ ወጥ ቆይታው ከክልከላው ማግሥት ይጀምራል። ይግባኝ የለውም፣ እንደገና ይታይልኝ ማለት ይቻላል፣ ግን እሱን እየጠበቁ መቀመጥ አያዋጣም። በዚያው ሳምንት ትኬት ቁረጡ።

ስለ ታክስ በአጭሩ። በአንድ ዓመት 183 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየ ጎብኚ ለታክስ ጉዳይ እንደ ነዋሪ ሊቆጠር ይችላል፣ ስሌቱ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ቀናትም በከፊል ይጨምራል። አገር ቤት የኪራይ ገቢ ያላቸው ወላጆች ካሉ የታክስ ባለሙያ ጠይቁ።

ቀኑ ካለፈ

የአይ-94 ቀን አልፎ፣ ማራዘሚያም ሳይገባ አንድ ቀን እንኳ ቢቆዩ ቪዛው ይሰረዛል። ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባና ዓመት የቀረው ቢሆንም። ከዚያ በኋላ አዲስ ቪዛ ከአገራቸው መጠየቅ አለባቸው።

ከ180 ቀን በላይ ቆይተው ዓመት ሳይሞላ ከወጡ ለሦስት ዓመት መግባት አይችሉም። ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነ 10 ዓመት ነው። ይህ በ1996 የወጣው ሕግ ነው፣ የ70 ዓመት ሰው ላይ 10 ዓመት ሲጣል ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። «ካለፈማ አለፈ፣ ይቀመጡ» የሚል ምክር የሚሰጥ ዘመድ አይጠፋም። ያ ዘመድ የልጅ ልጅ ሠርግ ላይ እናትን በቪዲዮ የሚያሳያችሁ እሱ አይደለም። ቀኑ በቅርብ ካለፈ ዛሬውኑ ትኬት ፈልጉ። ሆስፒታል ተኝተው ወይም ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ገጥሟቸው ከሆነ፣ ዘግይቶ የገባ ማራዘሚያ የሚታይበት ልዩ ሁኔታ ስላለ ማስረጃውን ይዛችሁ ጠበቃ ጋ ሂዱ።

ከእስራኤልና ከአውሮፓ የሚመጡ

አክስት ከእስራኤል ወይም አጎት ከጀርመን በዚያው አገር ፓስፖርት በኢስታ፣ ማለትም ያለ ቪዛ ለሚመጡ በኢንተርኔት በሚሰጠው ፈቃድ፣ ከመጡ እስካሁን ያልኩት አብዛኛው አይሠራላቸውም። እስራኤል በ2023 ወደዚህ ከቪዛ ነፃ ፕሮግራም ስለገባች ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ዘመዶቻችን አሁን በዚህ መንገድ ይመጣሉ። የኢስታ ክፍያ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 ወደ 40 ዶላር ከፍ ብሏል። የሚሰጣቸው 90 ቀን ነው። አይራዘምም። ካናዳ ደርሶ መመለስም ቀኑን ከአዲስ አያስጀምርም። ከ90 ቀን በላይ መቆየት ካሰቡ ከመነሳታቸው በፊት ቢ-2 ቪዛ ይጠይቁ።

እዚሁ ይቅሩ ቢባልስ

ልጅ የአሜሪካ ዜጋ ከሆነና 21 ዓመት ከሞላው ለወላጅ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል፣ በሕጋዊ መንገድ የገቡ ወላጆችም እዚሁ ሆነው የሚያመለክቱበት መንገድ በሕጉ አለ። ነገር ግን በጉብኝት ቪዛ ሲገቡ ሐሳባቸው መቅረት ከነበረ፣ ለኤምባሲና ለመኮንኑ የተናገሩት እንደ ማታለል ሊታይ ይችላል። በተለይ በገቡ በ90 ቀን ውስጥ የሚደረግ ለውጥ ጥርጣሬ ያስነሳል። ይህ ያለ ኢሚግሬሽን ጠበቃ የሚነካ ነገር አይደለም። እሳቸውንም ጠይቋቸው። ብዙ ወላጅ ጎረቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ወይም መስጊዱን፣ ዕድሩን ትቶ መቅረት አይፈልግም፣ ልጅ እንዳይከፋው ብቻ ዝም ይላል።

ሲመለሱ

መውጣታቸው በአየር መንገዱ የተሳፋሪ ዝርዝር በኩል ራሱ ይመዘገባል፣ ኤርፖርት ላይ የሚሰጥ ወረቀት የለም። ቢሆንም የመሳፈሪያ ካርዱን ይዘው ይቆዩ፣ አዲስ አበባ ሲገቡ የተመታውን ማህተምም ፎቶ ላኩልኝ በሏቸው። ከሳምንት በኋላ የአይ-94 ገጹ ላይ የጉዞ ታሪክ የሚለውን ክፈቱና መውጫ ቀኑ መግባቱን እዩ። ካልገባ እነዚህ ሁለቱ ማስረጃዎች ናቸው። ማራዘሚያ ጠይቀው መልስ ሳይመጣ ከወጡ ደግሞ ደረሰኙን ከነሙሉ ፋይሉ አገር ቤት ይዘው ይሂዱ፣ ሌላ ጊዜ ቪዛ ሲጠይቁ «ለምን ቀኑ አለፈ?» ለሚለው መልሱ ያ ወረቀት ነው።

እንደገና መቼ መምጣት ይችላሉ ለሚለው በሕግ የተቆረጠ ቁጥር የለም። ስድስት ወር ኖረው በሁለተኛው ወር ተመልሰው ከመጡ ግን መኮንኑ ጎብኚ ሳይሆን ነዋሪ ናቸው ብሎ ያስባል። ቢያንስ እዚህ የቆዩትን ያህል አገር ቤት ይቆዩ።